«83 እጥፍ ያቀርባል» ማለት ምን ማለት ነው? ለስሜን ተራሮች ካሜራ ስንመርጥ

ካሜራ ለመግዛት የተነሳ ወጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ምክር ይሰማል። ሻጩ «ይሄ 83 እጥፍ ያቀርባል፤ ጨረቃን ሳይቀር ጎትቶ ያመጣል» ይለዋል። ፎቶ የሚያነሳ ጓደኛው ደግሞ «አትሸወድ፣ ዲኤስኤልአር ግዛ፤ ሴንሰሩ ትልቅ ነው፣ በቃ» ይለዋል። ሁለቱም በልበ ሙሉነት የሚነገሩ ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ አንድ ዋና ጥያቄ ይዘላሉ። እስቲ ሁለቱን ምክሮች ይዘን ከዳባት በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች እንውጣና በፊዚክስ እንፈትናቸው።

ቦታውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት ቦታዎች አንዱ ነው። መግቢያው ደባርቅ ነው። እዚያ የሚያስጎበኝ፣ የሚያጠና ወይም ዝም ብሎ ተራራውን የሚወድ ወጣት አንድ ካሜራ ቢያገኝ ለዓመታት የሚሠራበት እሱን ብቻ ነው። ሌላም ጉዳይ አለ። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ ውጪ የትም የለም። ካሜራው የማይደርስለት ሰው በእግሩ ይጠጋል፤ ሲጠጋ እንስሳው ይሸሻል፤ የሚሸሸው ደግሞ ወደ ገደሉ ነው። ስለዚህ የካሜራ ምርጫው ፎቶ አንሺውን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ለፈተናው ሁለት የታወቁ ካሜራዎችን እናቅርብ። አንደኛው በ2015 የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ነው፤ ሌንሱ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ፣ የማይፈታ፣ «83 እጥፍ» የተባለው ራሱ። ሁለተኛው በ2018 የወጣው ካነን ኢኦኤስ 2000ዲ ነው፤ ለጀማሪ የተሠራ ዲኤስኤልአር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ሌንስ አብሮት የሚሸጥ። አዲስ ሞዴሎች አይደሉም። እኛ ዘንድ ግን ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዘመድ ሻንጣ ወይም ያገለገለ ሆኖ ስለሆነ፣ ምርጫው የሚደረገው እንዲህ ባሉት መካከል ነው።

መጀመሪያ የሻጩን ቁጥር እንየው። 83 እጥፍ የሚለው የተገኘው 2000ን ለ24 በማካፈል ነው። ሌንሱ በጣም ሰፊ አድርጎ ሲያይ 24 ሚሊሜትር፣ በጣም አጥብቦ ሲያይ 2000 ሚሊሜትር ከሚያሳየው ጋር የሚመጣጠን እይታ ይሰጣል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሌንሱ ከራሱ ጋር የተወዳደረበት ቁጥር እንጂ ከዓይናችን ጋር የተወዳደረበት አይደለም። ከ10 እስከ 30 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስም ከ100 እስከ 300 የሚሄድ ሌንስም እኩል «3 እጥፍ» ይባላሉ። የመጀመሪያው ግን ተራራውን በሙሉ የሚያሳይ ነው፣ ሁለተኛው ተራራው ላይ ያለውን እንስሳ። እኔ ብሆን ይህን ቁጥር ከካርቶኑ ላይ አስፍቀው ነበር፤ የሚያስረዳው ከሚያደናግረው ያንሳል።

የጓደኛውስ ምክር? ሴንሰር ማለት ብርሃኑ የሚያርፍበት፣ ድሮ ፊልም ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራው ቁራጭ ነው። የፒ900 ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊሜትር። የ2000ዲ ደግሞ 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር፤ ስፋቱ 332። ወደ 12 እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ነው፣ ቀላል አይደለም። ጓደኛው ከዚህ ተነስቶ «ትልቁ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል» ይላል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ዝናብ ስናጠራቅም በርሜሉ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ውኃው የሚገባው በአፉ ልክ ነው። የካሜራ አፍ ደግሞ ሌንሱ ላይ ያለው የብርሃን ቀዳዳ ነው።

የዚህን ቀዳዳ ስፋት ማንም ማስላት ይችላል፤ መለያያው ይህ ቁጥር ስለሆነ ወረቀት አውጡና አብራችሁ ሥሩት። ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የትኩረት ርቀት፣ ከኤፍ ቀጥሎ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ። ፒ900 እስከ ጥግ ሲሳብ እውነተኛ የትኩረት ርቀቱ 357 ሚሊሜትር ነው (2000 የሚባለው ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ከትልቁ የፊልም ካሜራ ጋር ሲመጣጠን የሚገኘው ነው)፤ የኤፍ ቁጥሩ 6.5። 357 ለ6.5 ሲካፈል 55 ሚሊሜትር። የ2000ዲ ሌንስ ደግሞ እስከ ጥግ ሲሳብ 55 ሚሊሜትር፣ የኤፍ ቁጥሩ 5.6፤ ሲካፈል 10 ሚሊሜትር አይሞላም። አንዱ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህል ነው፣ ሌላው የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል። የብርሃኑ መጠን የሚከተለው የቀዳዳውን ስፋት ስለሆነ፣ ሩቅ ካለ አንድ ዋልያ በእኩል ጊዜ ውስጥ ፒ900 የሚሰበስበው ብርሃን ዲኤስኤልአሩ ከሚሰበስበው 30 እጥፍ ይሆናል። ትልቁ ሴንሰር እዚህ ምንም አያድንም፤ የዋልያው ምስል ያረፈው ከሴንሰሩ ጥግ ላይ ባለች ነጥብ በምታህል ቦታ ነው፣ ቀሪው ገደልና ሰማይ ነው።

አሁን ቼነቅ ደርሰናል እንበል፤ 3600 ሜትር ከፍታ ላይ። ዋልያው ከማዶ፣ ገደሉ ወገብ ላይ፣ 500 ሜትር ርቀት ላይ ቆሟል። ርዝመቱን አንድ ሜትር ተኩል ብለን እናስብ። በዲኤስኤልአሩ የ55 ሚሊሜትር ሌንስ የምናገኘው ፎቶ ከዳር እስከ ዳር 200 ሜትር ገደል ያሳያል፤ ዋልያው በውስጡ 45 ፒክስል ገደማ ነው። ቡናማ ጉድፍ ማለት ነው፤ ዋልያ ነው ብላችሁ ብትምሉም ጓደኞቻችሁ ፍየል ነው ይሏችኋል። በፒ900 ፎቶው የሚያሳየው 9 ሜትር ብቻ ነው፣ ዋልያው ደግሞ 800 ፒክስል። በወንዱ ቀንድ ላይ ያሉት ጉብታዎች ሳይቀሩ የሚታዩበት ተስፋ አለ።

ሻጩ አሸነፈ ማለት ነው? አልጨረስንም። ለዲኤስኤልአሩ ሁለተኛ ሌንስ ይጨመርለት፤ ካነን ለዚህ ዓይነት ካሜራ የሠራው ከ55 እስከ 250 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስ አለ፣ ክብደቱ 375 ግራም። 250 ለ5.6 ሲካፈል 45 ሚሊሜትር። አያችሁ? ቀዳዳው ከፒ900 ቀዳዳ ብዙም አይርቅም። በዚህ ሌንስ ያው ዋልያ 200 ፒክስል ይሆናል። 800 ከ200 አራት እጥፍ ነው፤ ግን ከ800ዎቹ ስንቶቹ እውነት ናቸው?

ብርሃን በቀዳዳ ሲያልፍ ትንሽ ይስፋፋል፤ ዲፍራክሽን ይባላል። በዚህ የተነሳ አንዲት ነጥብ ብርሃን ሴንሰሩ ላይ ነጥብ ሆና አታርፍም፣ ትንሽ ክብ ሆና እንጂ። በፒ900 ጥግ ላይ የዚያች ክብ ስፋት 9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ፒክስል ግን 1.3 ማይክሮሜትር ብቻ። አንዲት ነጥብ በወርዷ ከ6 ፒክስል በላይ ትሸፍናለች ማለት ነው። በ2000ዲ እና በ250ው ሌንስ ግን 2 ፒክስል ብቻ ትሸፍናለች። ወደ ዋልያው መልሰን ስንለካው፣ በ500 ሜትር ርቀት ላይ ያቺ ክብ በፒ900 12 ሚሊሜትር፣ በ250ው ሌንስ 15 ሚሊሜትር ናት። ሌንሶቹ እንከን የለሽ ናቸው ብለን ብናስብ እንኳ አራት እጥፍ የመሰለው ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ማሽላ ሲፈነዳ ይተልቃል እንጂ ክብደቱ አይጨምርም፤ ከ800 ፒክስሎቹ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ከዚህ የባሰውን ምሳሌ ያሳየን ራሱ ኒኮን ነው፦ በ2018 ያወጣው ፒ1000 በ125 እጥፍ ቁጥሩ 3000 ሚሊሜትር ደርሷል፤ ጥግ ላይ የኤፍ ቁጥሩ 8 ስለሆነ ግን አንዲት ነጥብ በወርዷ 8 ፒክስል ትሸፍናለች።

አየሩም አለ። ፀሐይ ገደሉን ካሞቀችው በኋላ ሞቃት አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ምስሉም ከምጣድ በላይ እንደምናየው ይርገበገባል። በዚያ ሰዓት የትኛውም ሌንስ 12 ሚሊሜትር አይለይም።

ከቼነቅ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንቃበር ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ጭላዳዎች ሳር እየነቀሉ፣ ከሰው ብዙም ሳይርቁ ተቀምጠዋል። እዚህ ማንም 2000 ሚሊሜትር አይፈልግም። ሰፋ አድርገን መንጋውን ከነገደሉ ስናነሳ የፒ900 ቀዳዳ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ 4.3 ለ2.8 ሲካፈል። የዲኤስኤልአሩ 18 ለ3.5፣ ከ5 ሚሊሜትር በላይ። አሁን በ10 እጥፍ ገደማ የሚመራው ዲኤስኤልአሩ ነው። ያ ትልቅ ሴንሰርም እዚህ ሥራ ያገኛል፦ የጭላዳው ፊት ጥቁር ነው፣ ሰማዩ ከኋላው ይነዳል፣ በዚህ ከፍታ ደግሞ ጥላው ድቅድቅ ነው። ፒ900 ወይ ሰማዩን ያነጣዋል ወይ ፊቱን ያጠፋዋል። ይባስ ብሎ ፎቶውን በጄፔግ ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ ሴንሰሩ ያየውን ጥሬ መረጃ በኋላ አውጥቶ ለማስተካከል አይፈቅድም። ይህን ጉድለት ለዚህ ካሜራ ይቅር ለማለት ይከብዳል።

ዳባት ገበያ፣ የደባርቅ ጠዋት ጉም፣ ጎጆ ውስጥ ጭስ እያጨሰ የሚፈላ ቡና፣ የምረቃ ቀን፣ ሠርግ፦ ሁሉም የቅርብና የደብዛዛ ብርሃን ሥራዎች ናቸው። በፎቶ እንጀራ መብላት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው፣ ዋልያ ለፎቶው አይከፍልም። በዚህ ሥራ ያ ጓደኛ የሰጠው ምክር ልክ ነው።

የሚንቀሳቀስ ነገር ላይም ዲኤስኤልአሩ ይሻላል። በመስታወቱ በኩል የምታዩት ራሱን ብርሃኑን ነው፤ ትኩረቱንም በፍጥነት ያገኛል። ፒ900 የሚያሳያችሁ ትንሽ ስክሪን ነው፣ ከእውነታው በጥቂቱ ይዘገያል። አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ በዓይናችሁ ደረጃ ሲያልፍ ያቺ መዘግየት በቂ ናት፤ የቀረላችሁ ባዶ ሰማይ ነው። አንድ ዲግሪ ብቻ በምታሳይ መስኮት ውስጥ እንስሳን መፈለግ ራሱ ፈተና ነው። ለዚህ ኒኮን አንድ ብልህ ቁልፍ አድርጎበታል፤ ሲጫኑት እይታው ለአፍታ ይሰፋል፣ ሲለቁት ወደነበረበት ይመለሳል። ቀይ ቀበሮ ሳር ውስጥ ለጠፋበት ሰው ቁልፏ ወርቅ ናት።

ባትሪ ብዙ ሰው የሚረሳው ጉዳይ ነው፤ ከሳንቃበር በግጭ ወደ ቼነቅ የሚጓዝ ሰው ግን ሊረሳው አይገባም። በአምራቾቹ መለኪያ ፒ900 በአንድ ቻርጅ 360 ፎቶ፣ 2000ዲ 500 ያነሳል። ሌላው የጀማሪ ዲኤስኤልአር ኒኮን ዲ3500 ግን 1550 ይደርሳል፤ ባትሪን ደጋግሞ መሙላት በማይቻልበት ቦታ ይህ ቁጥር ከ83 ይበልጥብኛል። ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነና ብርድ ባትሪን ስለሚያደክም፣ ባትሪውን አውጥታችሁ ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ምርጫው በፒ900 እና ባለአንድ ሌንስ ዲኤስኤልአር መካከል ብቻ ከሆነና ሥራችሁ ፓርኩ ውስጥ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት ፒ900። ለገደሉ እንስሳ 18–55 ብቻ የያዘ ዲኤስኤልአር ስህተት ነው፤ የሴንሰሩ ስፋት ይህን አይለውጠውም፣ እንስሳውን እንድታሳድዱም ይገፋፋችኋል። የ55–250ውን ሌንስ ወይም አቻውን መጨመር የምትችሉ ከሆነ ግን ዲኤስኤልአሩ በሁለቱም ዓለም ይሠራል፤ ሁለቱ ሌንሶችና ካሜራው ተደምረው 1 ኪሎ ገደማ ናቸው፣ ፒ900 ብቻውን 899 ግራም ነው። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ደባርቅ ላይ ሆናችሁ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ «ካሜራ አምጣልኝ» ብቻ አትበሉት፤ ሌንሱን በስሙና በቁጥሩ ጻፉለት፤ አለበለዚያ የሚመጣው 18–55ቱ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ይህን አድርጉ። ፒ900 ከሆነ ዙሙን እስከ ጥግ አውጡና ሌንሱን በባትሪ ብርሃን ከፊት ለፊት እዩት። ሲወጣና ሲገባ አየር ስለሚስብ የፒስታ መንገድ አቧራ ውስጡ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የማይፈታ ስለሆነ ማጽዳቱ ከባድ ነው። ዲኤስኤልአር ከሆነ የኤፍ ቁጥሩን 16 ወይም 22 አድርጉና ጥርት ያለ ሰማይ አንሡ፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ካለ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያችኋል። ያኛው በአብዛኛው በእጅ ንፋሽ ይነሣል፤ በአፍ ግን እፍ እንዳትሉበት፣ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል።