ያልነገሠው «አንድ ለናቱ»

«ሴት ያሳደገው» የሚለውን ስድብ ያልሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አባት ያጣውን ልጅና ያሳደገችውን እናት ባንድ በትር ይመታል። አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. የካሣን፣ የኋላውን የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በልብ ወለድ ሲያቀርብ መጽሐፉን «አንድ ለናቱ» አለው። ርእሱን እወደዋለሁ። አባቱን በልጅነቱ ያጣውን፣ እናቱ «ኮሶ ሻጭ» እየተባለች የተሰደበችበትን ልጅ በእናቱ ስም ጠርቶ አከበረው።

ቅሬታዬ ከርእሱ ባሻገር ነው። አባት አልባ ልጅ ከስድብ የሚድነው ሲነግሥ ብቻ ነው እንዴ? ያልነገሠውስ?

ያልነገሠውን ለማየት ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ መውጣት ይበቃል። ከዶርዜና ከአካባቢው የጋሞ ደጋ ወንዶች ለሽመና አዲስ አበባ መሄድ ከያዙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አባት ሽሮ ሜዳ መወርወሪያውን ሲወረውር እናት እንሰቱን ትፍቃለች፣ ልጆቹን ታሳድጋለች። አባት ለመስቀል ይመጣል፤ ከሰው ጋር ተጋርቶ በሬ ያርዳል፤ ይመለሳል። ለትንሹ ልጅ እንግዳ ነው፣ ደግ እንግዳ። (አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ገና ሳይጠና ወደዚያው ተልኮ በሰው ቤት ማግ ሲያጠነጥን ያድጋል፤ ይሄ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።)

የበኩር ልጅ በጋሞዎች ዘንድ «ባይራ» ነው። ዲና ፍሪማን በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ዶኮ እንደጻፈችው፣ በነባሩ ሥርዓት አባት ስለ ልጆቹ መሥዋዕት ያቀርባል፤ ሲሞት ቦታው ለበኩሩ ይተላለፋል። ዛሬ ብዙዎች መሥዋዕቱን ትተውታል። ሐሳቡ ግን አይናቅም፦ የሞተ አባት ቦታውን የሚረከብ ሰው አለ። በሕይወት እያለ የራቀውስ? እኔ እንደሚገባኝ በኩሩ የአባትን ሸክም ይሸከማል፣ የአባትን ቃል ግን አይናገርም፤ ባለቤቱ አለና።

ካነበብኋቸው ልብ ወለዶች መካከል ይህን ልጅ ባለታሪክ ያደረገ አላጋጠመኝም። የእኛ ደራሲዎች አባትን ቶሎ ይገድሉታል፤ ሙት አባት ለድርሰት ይመቻል፣ ልጁን ለጀግንነት ያስነሣል። የጨንቻውን ልጅ የሚጽፍ ደራሲ ከተገኘ ግን ዙፋን እንዳይሰጠው አደራ። መስቀል ሲቃረብ ቀን ሲቆጥር፣ ሰውዬው ደጅ ሲደርስ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚጠራው ጨንቆት ከእናቱ ጀርባ ሲቆም ያሳየኝ።