መጀመሪያ ጠቆር ያለውን ከነጣው ለዩ

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ መስፋት የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ከያዛችኋቸው ጨርቆች ጠቆር ያለው የትኛው ነው? ነጣ ያለውስ? ይህን ሳይለይ መቀስ የሚያነሳ ሰው ጨርቆቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ሥራው ከሩቅ ሲታይ ድፍን ይሆንበታል። ዕድሜዬን በስፌት መኪና ላይ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ አስተምሪ ብባል የማስተምረው ይህንን ነው።

ዐይናችን የአንድን ነገር ቅርጽ የሚይዘው ከሁሉ በላይ በብርሃንና በጥላ ልዩነት ነው። ቀይና አረንጓዴ ካሬዎች ጎን ለጎን ቢሰፉ፣ ሁለቱም እኩል የጠቆሩ ከሆኑ፣ ከቅርብ ሲታዩ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። በር ላይ ቆማችሁ ስታዩአቸው ግን ድንበራቸው ይጠፋል። በአንጻሩ አንድ ዓይነት ሰማያዊ፣ አንዱ ጠቆር ሌላው ነጣ ብሎ ቢሰፋ፣ ከክፍሉ ማዶም ካሬው ካሬ ሆኖ ይታያል። የአልጋ ልብስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከማዶ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምቀትን ከጥቁረት ጋር ሲያምታታ ነው። የሎሚ ቢጫ እጅግ ደማቅ ነው፤ ቦታው ግን ነጣ ካሉት ወገን ነው። አንዳንድ ቡናማ ምንም ድምቀት የለውም፤ ቦታው ግን ከጠቆሩት ወገን ነው። ቀይ ሁሉን ያታልላል፤ ዐይን ስለሚስብ ብርሃን ያለው ይመስላል እንጂ አብዛኛው ቀይ ጨርቅ መካከለኛ ወይም ጠቆር ያለ ነው። ስለዚህ ጨርቆቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ወይም መሬት ላይ ዘርጉና ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ዐይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩአቸው። ሽፋሽፍታችሁ ቀለሙን ሲጋርደው ጥቁረቱና ንጣቱ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ሦስት ክምር አድርጉ፦ ጠቆር ያለ፣ መካከለኛ፣ ነጣ ያለ።

አንዲት ወጣት እናት ልጆቿ የጠበባቸውን ልብስ በፌስታል ሞልታ ወደ ሱቄ መጣች። ውሃ ሰማያዊ የተማሪ ሸሚዝ፣ ሮዝ ቀሚስ፣ ብርቱካናማ ቲሸርት፣ ቅጠልያ ጃኬት ነበር የያዘችው። ቤቷ ሆና ከእያንዳንዱ ጥቂት ቆርጣ አጋጥማ ነበርና አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«እትዬ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ያምራል እኮ! አንድ ላይ ሲሆኑ ለምን ይደበዝዛሉ?» አለችኝ።

ስልኳን ተቀብዬ የዘረጋችውን ፎቶ አነሳሁና ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። አራቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ። የትኛው ሮዝ፣ የትኛው ቅጠልያ እንደነበረ እሷም ለመለየት ተቸገረች።

«አየሽ ልጄ፣ ሁሉም መሀል ላይ ናቸው። የሚያጅባቸው ጠቆር ያለና ነጣ ያለ ጨርቅ ብቻ ነው የጎደለሽ» አልኳት።

በሳምንቱ የባለቤቷን አሮጌ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪና ጥቂት ሜትር አቡጀዲ ይዛ ተመለሰች። ከልጆቿ ልብስ አንዱንም አልጣልንም። ሮዙንና ብርቱካናማውን ከጥቁር ሰማያዊው ጎን አደረግናቸው፤ ነጣ ያሉ ሆነው ታዩ። ውሃ ሰማያዊውንና ቅጠልያውን ከአቡጀዲው ጎን አደረግናቸው፤ ጠቆር ያሉ ሆነው ታዩ። መካከለኛ ጨርቅ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጎረቤቱን አይቶ ወደ ሁለቱም ወገን ይሄዳል።

ይህ የጎረቤት ነገር በሳይንስም በደንብ የታወቀ ነው። ሚሼል ኤዥን ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ውስጥ ጎብላን በሚባለው ዝነኛ የመጋረጃና የግድግዳ ምንጣፍ መሸመኛ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እዚያ ከገጠሙት አቤቱታዎች አንዱ «የጥቁሩ ክር ቀለም ደካማ ነው» የሚል ነበር። ክሩን መረመረው፤ ማቅለሚያው ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክር ነበር። ሼቭረል ነገሩን ለዓመታት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1839 ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንዴት እንደሚቀይር የሚያብራራ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

እናንተም በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከአንድ ግራጫ ጨርቅ ሁለት ትናንሽ ካሬዎች ቁረጡ። አንዱን ቢጫ ጨርቅ ላይ፣ ሌላውን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ቢጫው ላይ ያለው ጠቆር ብሎ ትንሽ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ጥቁር ሰማያዊው ላይ ያለው ነጣ ይላል። ጨርቁ ግን አንድ ነው። ስለዚህ በጄ ይዤ «ይህ ቀለም አያምርም» ብዬ አልፈርድም። ከማን ጎን እንደሚሰፋ ሳላይ የምሰጠው ፍርድ ትክክል ሊሆን አይችልም።

ወደ ቆጠራው እንምጣ። ለጀማሪ የምመክረው የአልጋ ልብስ ወርዱ 150፣ ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዱን ካሬ 12 በ12 አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 10 በ10 ይቀራል። ይህ 270 ካሬ ይፈልጋል። ዘጠኝ ዘጠኙን ሦስት በሦስት አጋጥማችሁ 30 ቁራጭ ሥሩ። በዘጠኙ ውስጥ አራቱ ማዕዘኖችና መሀሉ ጠቆር ያሉ፣ የቀሩት አራቱ ነጣ ያሉ ይሁኑ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ 30ውን ሁሉ በዚህ መልክ ከሠራችሁ፣ ሲገጣጠሙ አራት ጠቆር ያሉ ማዕዘኖች አንድ ቦታ ይገናኙና እንደ ትልቅ እድፍ ይታያሉ። ስለዚህ 15ቱን በተባለው መልክ፣ 15ቱን በተቃራኒው ሠርታችሁ እያፈራረቃችሁ ግጠሙ። ሒሳቡ 135 ጠቆር ያለ፣ 135 ነጣ ያለ ሆኖ ይወጣል፤ ዳማ ገበታው ከዳር እስከ ዳር አይሰበርም። ይህ አጥንት ከተስተካከለ የቀለሞቹ ዓይነት አምስትም ሆነ ሃያ ሥራው አይበተንም።

በዚህ አጥንት ላይ ብርቱ ቀለም ሲጨመር መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀይ እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ጥቂቱ ይበቃል። ከ270 ካሬ 15 ወይም 20ው ቀይ ቢሆንና በሁሉም አቅጣጫ ቢበተን ዐይን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጓዘ ሥራውን ሁሉ ያያል። አንድ ቦታ ላይ ከተከማቸ ግን ሌላውን አያሳይም። ይህን ከእኛው ሸማኔዎች መማር ይቻላል። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ነጠላና ቀሚስ እዩ። ሰፊው ቦታ ነጭ ነው፤ ጥለቱ ጫፍና መሀል ላይ ተወስኖ ይቀመጣል። የጃኖው ቀይ ጥለት ግርማ የሚኖረው ዙሪያው ነጭ ስለሆነ ነው። ሸማኔው ቀለም አጥቶ አይደለም ነጩን ያሰፋው፤ ዐይን የሚያርፍበት ቦታ ከሌለ ጥበቡ እንደማይታይ ስለሚያውቅ ነው። በአልጋ ልብስም እንዲሁ ነጣ ካሉት ካሬዎች ቢያንስ ግማሹ አንድ ዓይነት ጨርቅ ቢሆን ማረፊያ ይሆናል። አቡጀዲ ለዚህ የተመቸ ነው።

ነጭ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በጣም የነጣ ፖፕሊን ከፈትል ሸማ ጎን ሲሰፋ፣ ሸማው ታጥቦ የመጣ ቢሆንም የቆሸሸ ይመስላል። ወተት የመሰለውን ንጣት ከመረጣችሁ በዚያው ጽኑ፤ የነጣውን ከመረጣችሁም እንዲሁ። የእናታችሁን አሮጌ ነጠላ ልትጨምሩ ከፈለጋችሁ ማረፊያውን ሁሉ በእሱ ንጣት ልክ ፈልጉ። የእጅ ሽመና ቶሎ ስለሚተረተር ስፌቱ ላይ ጨመር አድርጋችሁ መቁረጥም አትርሱ።

አበባና ዥጉርጉር ያለበት ጨርቅ ሲሆን ርቀት ዳኛ ነው። ጥቃቅን አበባ ራቅ ሲሉት ተዋሕዶ አንድ ቀለም ይሆናል፤ ክምሩንም የምትለዩት በዚያ በሚታየው ቀለም ነው። ትልልቅ አበባ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ውስጥ ሲቆረጥ አንዱ ካሬ ጠቆር፣ ሌላው ነጣ ብሎ ይወጣል። ለጀማሪ ድፍን ጨርቅና ጥቃቅን አበባ ይበቃል።

ጨርቁን የምታዩበት ብርሃንም ከጨርቁ እኩል ያስፈልጋል። መርካቶ ሱቅ ውስጥ፣ አምፖል ሥር፣ አንድ ዓይነት የመሰሉ ሁለት ቡናማዎች ፀሐይ ላይ ሲወጡ አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሆኖ ይገኛል። ማቅለሚያቸው የተለያየ ስለሆነ ለተለያየ ብርሃን የሚሰጡት መልስም ይለያያል። ባለሱቁን «ደጅ ይዤው ልውጣ» ማለት ነውር የለውም፤ ደህና ነጋዴ ራሱ ይዞላችሁ ይወጣል። ሲመሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የቼኩ ሐኪም ያን ፑርኪንዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደመዘገበው፣ ብርሃን ሲደክም ቀይ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ደግሞ በአንጻሩ ነጣ ብሎ ይታያል። ቀን ላይ ከሰማያዊው የሚደምቀው ቀይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ከሰማያዊው በታች ይወርዳል። የአልጋ ልብስ በምሽት የሚታይ ነገር ስለሆነ ካሬዎቹን ከመስፋቴ በፊት አልጋው ላይ ደርድሬ ማታም አያቸዋለሁ።

ጥቂት ጨርቅ ብቻ ያለው ሰው «ቀለም የለኝም» ብሎ ሲያዝን ስሰማ የጊስ ቤንድ ሴቶችን እነግረዋለሁ። ጊስ ቤንድ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በአላባማ ወንዝ እጥፋት ውስጥ የምትገኝ የጥቁሮች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው እዚያው እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ቤተሰባቸውን ከብርድ ለመከላከል ያለቀ የሥራ ልብስ እየቆረጡ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 የሞተ ባሏን የሥራ ልብሶች ቆርጣ ሰፍታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 የመንደሩ ሥራዎች በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በዚያው ዓመትም በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ታዩ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አወጣቸው።

ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ከጂንስ ሰማያዊና ከግራጫ ብዙም አይርቁም። ሕይወት የሚሰጣቸው የጨርቁ ዕድሜ ነው። ፀሐይና እጥበት ያነጣው የሱሪ እግር አለ፤ ኪሱ ተፈትቶ ሲነሳ ደግሞ ሥሩ የነበረው ጨርቅ አዲስ እንደነበረበት ቀን ጠቁሮ ይገኛል። አንድ ሱሪ ብቻውን ጠቆር ያለውንም፣ መካከለኛውንም፣ ነጣ ያለውንም ሰጥቷቸዋል። እነሱም የትኛው የት እንደሚቀመጥ አውቀውበታል። ቀለም በማነሱ ሥራው አላነሰም፤ ጥቁረትና ንጣት በቦታው ስለዋለ ሙሉ ሆኗል።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ነው። አዲስ ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ከነጭ ጋር ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ሊያበላሸው ይችላል። ጫፉን አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ መሀል አድርጋችሁ በካውያ ተጫኑት። ነጩ ላይ ቀለም ከቀረ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ እምቢ ካለ ለሌላ ሥራ አስቀምጡት። በቀለም ምርጫ የተደከመበት ሥራ በአንድ እጥበት ሲጠፋ ማየት ከባድ ነው።

እንግዲህ አዲስ ጨርቅ ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት ቁምሳጥናችሁን ክፈቱ። ልጆቹ የጠበባቸውን ሸሚዝ፣ ጉልበቱ ያለቀውን ሱሪ፣ ከልብስ ሰፊ የተረፈውን ቁራጭ አውጡና መስኮት አጠገብ ዘርጉት፤ በሦስት ክፈሉት። የጎደለው ክምር የትኛው እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ፤ ከሱቅ የምትገዙት እሱን ብቻ ይሁን። ቀለም መምረጥ ተሰጥኦ ላላቸው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ማየትን የተለማመደ ሁሉ ይችለዋል፤ ለመለማመድ የሚያስፈልገው ጨርቅ ደግሞ ከሁላችሁም ቤት አለ።