«ሚን» እና «ሴክ»፦ ጥሩ የሒሳብ ፓርሰር የሚለይበት

የሒሳብ ፓርሰር ተጠቃሚው የጻፈውን አገላለጽ አንብቦ የሚተነትን ፕሮግራም ነው። መደመርና ማባዛቱን፣ የቅንፍ ቅደም ተከተሉን የትኛውም ጀማሪ ስለሚሠራው በዚያ ሥራ አይመዘንም። ገዢዎች ግን የሚያወድሱት ይህንኑ ነው፤ ሲብስም ፓርሰሩ የሚያውቃቸውን የመለኪያ አሃዶች ዝርዝር ርዝመት። የሠሪው ብቃት የሚታየው አንድ ስም አሃድም ፈንክሽንም ሆኖ ሲገኝ ነው። «ሚን» ደቂቃ ነው፤ ከቁጥሮች ትንሹን የሚመርጥ ፈንክሽንም ነው። «ሴክ» ደግሞ ሰከንድም ሴካንትም ነው።

ደካማ ፓርሰር ስሙን በተመዘገበበት ቅደም ተከተል ብቻ ይፈልጋል። ፈንክሽኖቹ ከቀደሙ «5 ሚን» ለጻፈ ሰው «ቁጥር በፈንክሽን አይባዛም» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ ስንፍና ነው፣ ግን ቢያንስ ይታያል። ይቅርታ የሌለው ጥፋት በዝምታ መምረጥ ነው። «5 ሚን(3)» በፈንክሽን ሲነበብ 15፣ በአሃድ ሲነበብ 15 ደቂቃ ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ የቸኮለ ፈታሽ ልክ ነው ብሎ ያልፋል፤ የጠፋውን አሃድ አያይም። ስለዚህ መፈተሻው «2 ሴክ(0)» መሆን አለበት፦ የዜሮ ሴካንት 1 ስለሆነ በፈንክሽን 2፣ በአሃድ ግን 0 ሰከንድ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱን ዐይኑን በጨው አጥቦ የሚመልስ ፓርሰር፣ ሌላው ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ተቀባይነት የለውም።

የግጭቱ ሥር የማባዣ ምልክትን መዝለል መፍቀድ ነው። ከስሙ በፊት ቁጥር ኖሮ በኋላ ቅንፍ ከሌለ አሃድ ነው፤ ቅንፍ ኖሮ ቁጥር ከሌለ ፈንክሽን ነው። ሁለቱም ካሉ ፓርሰሩ ማስላቱን ትቶ ሁለቱንም ንባብ ለጸሐፊው ማሳየት አለበት። ከቅንፉ በፊት ባለ ባዶ ቦታ መለየት መፍትሔ አይደለም፤ ሰው ባዶ ቦታን እንደ ትርጉም አያነብም።

የቀደሙት ጠበብት ግጭቱን ገና ከሰዋስው ዘግተውታል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የሒሳብ ሶፍትዌር ማቲማቲካ ፈንክሽንን የሚጠራው በማዕዘን ቅንፍ ነው፤ ክብ ቅንፍ ለመቧደን ብቻ ቀረ። የአላን ኤሊያሰን ቋንቋ ፍሪንክም በዚሁ መንገድ ሄደ። አንድሩ ኬኔዲ በኤፍ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋ አሃዱን በሾጣጣ ቅንፍ ውስጥ አስገባው። የኤክሴል «ኮንቨርት» አሃድን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይቀበላል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ያደገ ሰው ስሞቹ በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል አይታለልም።

«ሴክ» ከአሃዶች መዝገብ ቢወጣ ጉዳት የለውም፤ የዓለም አቀፉ የአሃዶች ሥርዓት ለሰከንድ የሚፈቅደው «ኤስ» የሚለውን ፊደል ብቻ ነው። «ሚን» ግን የደቂቃ ሕጋዊ ምልክት ስለሆነ አይነካም። በዚያ ላይ እንደ «ሚሊ» ያሉ ቅድመ ቅጥያዎች በየአሃዱ ላይ ያለ ገደብ ከተለጠፉ ያው ስም «ሚሊ ኢንች» ተብሎም ይነበባል። በሕክምና መረጃ ልውውጥ የሚሠራበት ዩከም የተባለው የአሃዶች ኮድ ኢንችን በማዕዘን ቅንፍ ያስቀምጣል፤ ቅድመ ቅጥያ እንዳይቀበልም ከልክሎታል።