ከፎርማት በፊት፦ «ቡት ሪፔር» ስትመዘን

ሁለተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭኖ ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ሐበሻ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ፎርማት አድርገው» የሚል ነው። አዲስ አበባ ያለ ጥገና ሱቅም ሆነ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣ የሚመክር ወዳጅ ከዚህ አይርቅም። ምክሩ ማሽኑን ያስነሳል፤ የልጆቹን ፎቶ፣ የኢሚግሬሽኑን ወረቀት፣ የሠርጉን ቪዲዮ ግን ጠራርጎ ይሄዳል። «ቡት ሪፔር» የተባለችውን ነፃ ፕሮግራም የምወዳት ከዚህ ጥፋት ስለምታድን ነው። የምወቅስባትም ነገር አለኝ።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ብዙ ደህና ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። እኔ በምኖርበት ግሌንዴልም ማሽናቸውን ከመጣል ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ የሊኑክስ ሲስተም ከዊንዶውሱ ጎን መጫን የመረጡ አሉ። ደግ አደረጉ።

ቡት ሪፔር የምትሠራው ኮምፒውተሩን ኡቡንቱ ካለበት ፍላሽ አስነስተው፣ ኢንተርኔት አገናኝተው ነው። ትንሽ መስኮት ትከፍታለች፤ ሁለት ትላልቅ ቁልፎች አሏት። የላይኛው የተለመደውን ጥገና ይሠራል፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛው ሲስተም ይከፈት ብሎ የሚያስመርጠውን ግረብን እንደገና ይተክላል። የታችኛው ምንም ሳይጠግን ዲስኩን መርምሮ ሪፖርት ይጽፋል። ከሥራዋ ሁሉ የላቀው ይህ ሪፖርት ነው።

አንድ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ልጥቀስ። ኡቡንቱን ጭኖ ሲያበቃ ማሽኑ በቀጥታ ዊንዶውስ ይከፍትበታል፤ የጫነው ሁሉ የጠፋ መሰለው። ሪፖርቱን ስናነብ የመነሻ ፋይሎች በሚቀመጡበት የዲስኩ ክፍል፣ በኢኤፍአይ ክፍልፋዩ ላይ ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የማይክሮሶፍት፣ አንዱ የኡቡንቱ። በኡቡንቱው ውስጥ ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ያልታመነ የመነሻ ፋይል የሚያግደው የማሽኑ ጥበቃ፣ የሚፈልገው «ሺም» የተባለው ፋይልም አለ። የመነሻው ቅደም ተከተል ግን ዊንዶውስን አስቀድሟል። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ወደ ማሽኑ ሴቲንግ ገብተን ኡቡንቱን ወደ ላይ አወጣነው፤ ሲነሳ የግረብ ሜኑ ሁለቱንም ሲስተም ይዞ መጣ። የላይኛውን ቁልፍ ተጭነን ቢሆን ኖሮ ጤነኛ የነበረው ግረብ ያለ ምክንያት እንደገና ይተከል ነበር።

ታዲያ ጥገናው ለምን ከምርመራው በላይ ተቀመጠ? የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ነው የሚጫነው። ሪፖርቱ ከላይ ሆኖ፣ ጥገናው እሱን ተከትሎ ቢመጣ ፕሮግራሟ እጅግ ትሻሻል ነበር። በጥገናው መሃል ደግሞ ተርሚናል ክፈትና እነዚህን ትእዛዞች ለጥፍ የምትልበት ጊዜ አለ፤ ትእዛዞቹ ምን እንደሚያደርጉ አታብራራም። ተርሚናል አይቶ የማያውቅ ሰው እዚያ ላይ ግራ ይጋባል። ኢንተርኔት መፈለጓም ለእኛ እዚህ ቀላል ነው፤ ጎንደር ወይም ደሴ ሆኖ በሞባይል ዳታ ለሚታገል ወንድማችን ግን ብር የሚያስወጣ ነው። ሪፖርቱን ኢንተርኔት ላይ ልለጥፈው ወይ ስትልም «አይሆንም» ብሎ በፍላሽ ማስቀረት ይቻላል፤ የዲስኩን ዝርዝር ስለሚይዝ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

አቅሟም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሁለት ሲስተም የተጫነባቸው ብዙ ማሽኖች ሊኑክስን እንዳያስነሱ አድርጎ ነበር። ሴኪዩር ቡት አሮጌ የመነሻ ፋይሎችን አልቀበልም በማለቱ፣ ብዙዎች መጀመሪያ እሱን ከማሽኑ ሴቲንግ ማጥፋት ነበረባቸው። ይህን ማንም ፕሮግራም ከውጭ ሆኖ አያደርግላቸውም። ዊንዶውሱ ዲስክ በሚቆልፍበት በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም ሴኪዩር ቡትም ሆነ የመነሻ ፋይሎቹ ሲነኩ ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ አለበት። ፕሮግራሟ ይህን በትልቁ ጽፋ ብታስጠነቅቅ ደስ ባለኝ።

እንዲህም ሆኖ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው እሷን ነው፤ በቅደም ተከተል። ከፍላሹ እንደተነሳ መጀመሪያ ፎቶና ሰነዱ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዊንዶውሱ ያልተቆለፈ ከሆነ ፋይሎቹ እዚያው ይታያሉ። ቀጥሎ የታችኛው ቁልፍ። ሪፖርቱ ግረብ በእርግጥ መጥፋቱን ካሳየ ብቻ የላይኛው።