የጀርማኒየም ነገር

የናይሮቢው ሉቱሊ ጎዳና የኤሌክትሮኒክስ ሰፈር ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. የ1960 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተሰጣቸው ከአልበርት ሉቱሊ ነው። እንደዚህ ባለ ሰፈር እኔን የሚማርከኝ አዲሱ ስፒከር ሳይሆን ከአሮጌ ሬዲዮ ሆድ የተነቀለ ትራንዚስተር ነው። እግሩ ዝጓል፣ ጽሑፉ ደብዝዟል። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጎ ቤዝና ኤሚተር የሚባሉትን እግሮቹን መንካት ነው። 0.6 ወይም 0.7 ቮልት ካነበበ ሲሊከን፤ 0.2 ወይም 0.3 ካለ ጀርማኒየም፣ የ1950ዎቹ የኪስ ሬዲዮ ጌታ! በጣት ያዝ ሲያደርጉት እንኳ ንባቡ ይወርዳል። ሙቀት አይችልም፤ ሲሊከን ከገበያ ያስወጣውም አንድም በዚህ ነው። ከዚያው ሬዲዮ የሚወጣ አሮጌ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጡ ስለሚደርቅ ባይደክሙለት ይሻላል። ጀርማኒየሙን ግን ጊታር ተጫዋቾች ለሻካራው የፈዝ ድምፅ ሲሉ ዛሬም ይፈልጉታል።