ሠርታ የኖረች መኪና ዋጋዋ ስንት ነው?

እህቶቼ፣ "ስለ አሮጌ መኪና መጻፍ እኛን ምን አገባን?" የምትል አትጠፋም። ያገባናል። ከመካከላችን ለወንድሟ ወይም ለባሏ መኪና መግዣ ብር የላከች ስንት አለች! ደግሞም ክርክሩ የብረት ብቻ አይደለም። አሮጌ ነገር የሚከበረው ሳይነካ ሲቀመጥ ነው ወይስ እየተጠገነ ሲያገለግል? ጥያቄው ይሄ ነው።

የአሮጌ መኪና አሰባሳቢዎች መልሳቸው የታወቀ ነው፤ "ኦርጅናል" ይላሉ። ኦርጅናል ማለት ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ማለት ነው። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ይገጥማል፣ ቀለሙ ያው ነው፣ የወንበሩ ልብስ ያው ነው። ሞዲፋይ የተደረገች ከሆነች፣ ማለትም ሞተር የተቀየረላት፣ ቸርኬዋ የተለወጠ፣ ላሜራዋ የተቆረጠ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋዋ ይቀንሳሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አንዲት ፌራሪ ለጨረታ ቀርባ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቆማ፣ ላይዋ ላይ አሮጌ መጽሔት ተከምሮባት ነው የተገኘችው። የቀረበችው ሳትታደስ፣ ከነአቧራዋ ነው። ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣች። ቀኑን ሙሉ አቧራ ስናራግፍ የምንውል እኛ ይህን ሰምተን ብንስቅ አይፈረድብንም።

ግን ነገሩ እውነት አለው። በምሠራበት ቤት አንዲት የነሐስ ደላ አለች፣ የማዳም አያት የነበረች። በሽቦ እንዳትታሽ ጥብቅ ትዕዛዝ አለ፤ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው የምትጸዳው። ምክንያቱም በሽቦ የታሸ ነሐስ ያበራል፣ ግን ቅርጹ ይጠፋል። ቅርጹ አንዴ ከጠፋ ማን ይመልሰዋል? መኪናም እንደዚያው ነው።

እዚሁ ሳዑዲ ያለውን ምሳሌ እዩ። የእንግሊዙ መሪ ቸርችል በ1945 እ.ኤ.አ. ከንጉሥ አብዱልአዚዝ ጋር ከተገናኘ በኋላ፣ ለንጉሡ አንዲት ሮልስ ሮይስ በስጦታ መጣች። መሪዋ በእንግሊዞች ልማድ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ንጉሡ ከፊት ቢቀመጡ ከሾፌሩ በስተግራ ሊሆኑ ነው፤ በእነሱ ባህል ደግሞ የክብር ቦታ ቀኝ ነው። መኪናዋን ለወንድማቸው ሰጧት ይባላል። አንድ ብልህ መካኒክ መሪውን ወደ ግራ አዙሮት ቢሆን ኖሮ ለመንዳት ትመች ነበር፤ ታሪኳ ግን አብሮ በጠፋ ነበር። እስከዚህ ድረስ ከአሰባሳቢዎቹ ጋር እስማማለሁ።

የምለያያቸው ከዚህ በኋላ ነው። ፊቫ የሚባል የዓለም የጥንት መኪና ማኅበራት ፌዴሬሽን አለ። እሱ እንደሚለው ታሪካዊ መኪና ማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላት፣ እንደ ጥንቷ ተጠብቃ የተያዘች፣ ለዕለት መጓጓዣ የማታገለግል ናት። የመጨረሻዋን ነገር ደግማችሁ አንብቧት። በየቀኑ የምትሠራ መኪና ታሪካዊ አትባልም! እንግዲህ የሐረር ፔጆ 404 ምን ልትባል ነው? ፈረንሳዮች 404ን መሥራት የጀመሩት በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ እዚያው አገራቸው በ1975 አቆሙ። ሐረር ግን ታክሲ ሆና ከዚያ በኋላም ስንት ዘመን ሰው፣ ጫት፣ ሽንኩርት ተሸከመች። መለዋወጫ ሲጠፋ የሐረር መካኒክ ቀጥቅጦ፣ በይዶ፣ ከሌላ መኪና አምጥቶ ገጠመላት። አሰባሳቢው ያንን ብየዳ ሲያይ "ተበላሽታለች" ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ያ ብየዳ ባይኖር መኪናዋም አትኖርም ነበር።

እዚሁ አል-ባላድም ተመሳሳይ ነገር በዓይናችን አይተናል። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩት እነዚያ ባለ ሮሻን ቤቶች፣ ከተማው ሲሰፋ ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ወደ አዲስ ሰፈር ሄዱ። ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ ገብቶ ኖረባቸው። ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገባቸው። ዛሬ ጎብኚው ስለ ነጋዴዎቹና ስለ ገዢዎቹ ይነገረዋል፤ ደረጃውን ሲጠርግ፣ መስኮቱን ሲጠግን ስለኖረው ተከራይ የሚያወራ ግን ብዙም የለም።

ደግሞ ገበያው ራሱ አያዳላም እንዳትሉ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲንገር የሚባል ድርጅት አሮጌ ፖርሽ 911 እየፈታ፣ ሞተሩንም አካሉንም ለውጦ ይሠራል። ገዢዎቹ ከተራው ኦርጅናል እጅግ የበለጠ ይከፍሉበታል። ሀብታም ሲያስቀይራት ጥበብ፣ ድሃ ሲቀይራት ብልሽት? ይህ ሚዛን ልክ አይደለም።

የእኛን ቮልስ ተመልከቱ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ቤተሰብ ስታገለግል የኖረች መኪና ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ከነዚያ ሁሉ የክብር መኪናዎች አንዷ አልነበረችም፤ ቮልስ ነበረች። የመጨረሻዋ አሮጌ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ከተሠራች ወዲህ ሌላ አልተሠራም። መንግሥታችን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉን ያሉት ናቸው። እንግዲህ ጣሪያዋን ቆርጦ "ዘመናዊ" የሚያደርጋት ጎረምሳም ከኔ ወቀሳ አያመልጥም። የሐረሩ መካኒክ የቀየራት እንድትኖር ነው፤ እሱ የቀየራት እንዲታይባት ነው። ሁለቱን አንድ ስም መስጠት ስህተት ነው።

ስለዚህ የኔ መለኪያ "ተነክታለች ወይስ አልተነካችም" አይደለም። ለምን ተነካች? የተነካውስ ይመለሳል ወይ? ነው። በዚህኛው ላይ ፊቫም አሮጌ መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይሩ ሰዎች ጥሩ ምክር ሰጥቷል፦ ለውጡ ወደ ነበረበት የሚመለስ ይሁን፣ የወለቀውም ዕቃ ይቀመጥ ብሏል። በቡሎን የታሰረ ይፈታል፤ የተቆረጠ ላሜራ ግን አይበቅልም።

አገር ቤት ቮልስ ልትገዛ ያሰበች እህት ካለች እንግዲህ ብሯን ከመላኳ በፊት እንዲህ ትበል። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይገጥም እንደሆነ ፎቶ ይላክላት። አዲስ ቀለም አያታልላት፤ ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ ይሞከር፣ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ሊሆን ይችላል። ሞተሯ ተቀይሮም ከሆነ ወዲያው አትሽሽ፤ ማን ቀየረው፣ መቼ፣ ደረሰኙስ የት አለ ብላ ትጠይቅ። ገዝታም ከሆነ ለጋራዡ ሰውዬ አደራ ትበል፦ ያወለቅኸውን ካርቡራተር፣ ያወለቅኸውን ፓራውልት እንዳትጥል፣ ማዳበሪያ ውስጥ ክተትና ለናቴ ስጣት።