«በላሁ» እና «እበላ ነበር»

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚሰጠው የውጭ ቋንቋ ስፓኒሽ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በሰላምታ፣ በቁጥርና በቀለማት ስም ያሳልፈዋል። እኔን የሚማርከኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው መካከለኛው ደረጃ ነው፤ ትረካ የሚጀመረው እዚያ ነውና።

«ኮሚ» እና «ኮሚያ» የሚሉት የስፓኒሽ ግሶች የሚለዩት በዚህ ደረጃ ነው። አንደኛው ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊት ነው፤ ሌላው ይደጋገም የነበረ። ብዙውን ተማሪ የሚያደናግረው ይህ ልዩነት አማርኛ ሲነገር ሰምቶ ላደገ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ «በላሁ» እና «እበላ ነበር» ነው። «ኡስቴድ»ም ቢሆን ያው የእኛው «እርስዎ» ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው ለአክብሮት ሲሉ በሩቅ መደብ ግስ ማናገር። «ኦሃላ» የምትባለው የምኞት ቃል ደግሞ የመጣችው ከአረብኛ ነው፤ የአላህን ስም በሆዷ ይዛ፣ ሙስሊሞች ስፔንን ለዘመናት መግዛታቸውን ትመሰክራለች።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 እና 2 ሜክሲኮ የሙታንን ቀን ስታከብር የስፓኒሽ ክፍሉም አብሮ ያስባል። ጠረጴዛው ላይ ቢጫ አበባ፣ ሻማ፣ ከስኳር የተሠራ የራስ ቅል፣ የሟች ፎቶግራፍና ሟቹ ይወደው የነበረ ምግብ ይደረደራል። አንዷ ተማሪ «አያቴ ቡና ትወድ ነበር» ብላ በስፓኒሽ ስትጽፍ፣ ያ አስቸጋሪ የግስ እርባታ የፈተና ጥያቄ መሆኑ ይቀራል፤ የናፍቆት ቋንቋ ይሆናል።